የለቅሶ ጫማ

«ማማ፣ ሰው በዓመት ስንት ጊዜ ይሞታል?»

ልጄ ሄርሜላ ይህን ስትጠይቀኝ በራችን ፊት ለፊት፣ ደረጃው አናት ላይ፣ በጫማ ተከብቤ ተቀምጫለሁ። በእጇ የያዘችው ጥቁሩን ጫማዬን ነው። ታኮ የለውም፣ ማሰሪያ የለውም፣ ሲራመዱበት ድምፅ አያሰማም። ለቅሶ ቤት ስሄድ ብቻ ነው የማደርገው። መጨረሻ ያደረግሽው መቼ ነው አለችኝ፤ ሰው የሞተ ጊዜ አልኳት። ከዚያ ነው ይህን የጠየቀችኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ሞት ሲመጣ ተከታትሎ ይመጣል፤ ሲተወን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይረሳናል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

«ያ ማር፣ በግምት ንገሪኛ» አለችኝ፤ «ያ ማር» በሆላንዶች ቋንቋ፣ በደች፣ «አዎ፣ ግን» ማለት ነው።

«ሞት በግምት ይነገራል እንዴ?»

ጫማውን ገልብጣ ሶሉን አየችው። አልተበላም። ሄርሜላ ዘንድ ሶሉ ያልተበላ ጫማ ሥራ የሌለው ጫማ ነው። ቢጫ ወረቀት ለጠፈችበትና አስቀመጠችው። አረንጓዴ ወረቀት ያለበት ከኔ ጋር ይሄዳል፣ ቢጫው ለሰው ይሰጣል፣ ቀዩ ይጣላል። በየወረቀቱ ላይ በደች ጽፋበታለች። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩት፣ የኛንም የነሱንም፣ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። አንዱን ቃል አንብቤ እስክጨርስ እሷ ሌላ ሦስት ጫማ ትለጥፋለች። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ነበር የማየው።

ሄርሜላ የምትሠራው ሄግ ውስጥ ቢሮ ነው። እዚያው ሄግ ሁለት መኝታ ያለው አፓርታማ አገኘችና አንዱ መኝታ ያንቺ ነው አለችኝ። እኔ የምኖረው ሮተርዳም ዙይድ፣ አሮጌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። «እሺ» አልኳት። አስቤበት አልነበረም። ልጅ እናቷን አብረሽኝ ኑሪ ስትል እምቢ የሚባልበት ቃል ስላጣሁ ነው።

ቤቱ የተከራየው በኔ ስም ነው። መልቀቄን እስከ ማክሰኞ ማሳወቅ አለብኝ። አንዴ ከለቀቅሁት ተመልሶ የኔ አይሆንም፤ በዚህ ኪራይ ሌላ ቤት ለማግኘት ሰው ልጅ ወልዶ እስኪያሳድግ ድረስ ይጠብቃል። ሄርሜላ ኮምፒውተሯ ላይ ሁሉን ሞልታ ጨርሳለች። የቀረው አንድ ነገር መጫን ነው። ማታ ከሥራ ስትመለስ «ልጫነው?» ትለኛለች። እኔም «ጫማውን እንጨርስና» እላታለሁ።

የጫማው ነገር የመጣው ከአዲሱ ቤት ነው። ልታሳየኝ የወሰደችኝ ቀን ሊፍቱን አየሁ፣ ነጩን ግድግዳ አየሁ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራውን ወለል አየሁ። መግቢያው ላይ እንደ መጽሐፍ ቀጭን የሆነ ቁም ሳጥን አለ። ሲከፈት ወደ ፊት ይዘነበላል፤ ጫማው ቆሞ ነው የሚገባበት።

«ግማሹ ያንቺ ነው» አለችኝ። «አምስት ጥንድ ይይዛል። ለሥራ፣ ለዝናብ፣ ለእግር መንገድ፣ ለክት፣ ለቤት። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?»

«የቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ክቱን ታደርጊያለሽ።»

የቤተ ክርስቲያን ጫማ በእጅ ሳይነካ የሚወልቅ መሆን አለበት። በዚያ ላይ በጣም ጥሩ መሆን የለበትም። ጥሩ ጫማ አውልቆ የገባ ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ ልቡ በር ላይ ነው። ካልሲው ደግሞ ወፍራም ነው፤ የምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ጫማው ከእግሬ አንድ ቁጥር መብለጥ አለበት። ይህን ሁሉ ለሄርሜላ ማስረዳት ጀመርኩና መሐል ላይ ለራሴም ግራ ገባኝ። ለሷ ጫማ ለእግር ነው። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ጫማ የማውቀው በሄድኩበት ቤት ነው።

የዚያን ቅዳሜ ጫማውን ወደ ደረጃው አወጣነው፤ ቤት ውስጥ ቦታ አልነበረም። ሶፋውን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሰው ወስዶታል። ጠረጴዛው ተገፍቶ ግድግዳ ተለጥፏል። የተረፈው ወለሉ ላይ የተዘረጋው ፍራሽ ነው። የልጄ የናቲም ጫማዎች አሉ። ናቲ ወደቡ ላይ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሊኖር ሲሄድ ልብሱን ይዞ ጫማውን እኔ ጋ ትቶታል። እንደ ጀልባ ትልልቅ ናቸው። የእንግዳ ነጠላ ጫማዎችም አሉ፤ እነሱን በር ላይ ደርድሬ ነው የማኖራቸው።

«እነዚህ ያንቺ አይደሉም፣ አይቆጠሩም» አለችኝ ሄርሜላ።

«ጥሩ፣ ካልተቆጠሩ ይሂዱ።»

«ካልተቆጠሩ አይሄዱም ማለቴ ነው።»

«እንግዳው በባዶ እግሩ ይቀመጥ?»

«ማማ፣ እንግዳ ካልሲ የለውም?»

ይህን እያለች የናቲን ነጭ ስኒከር አንስታ ቀይ ወረቀት ለጠፈችበት። ዓመት ያልሞላው ጫማ ነው። «ወይኔ ልጄን» አልኩ፣ ድምፄ ደረጃውን ሞላው። «ወይኔ ልጄን፣ ምኑን አየው?»

ሄርሜላ ሳቀችና ቀዮቹን በከረጢት ሞልታ ወረደች። ጥላቸው ስትመለስ ራቅ ካለ ሱቅ ካርቶን ትገዛለች። አረንጓዴውና ቢጫው በር ላይ ቀረ። እኔም በሩን እንደ ተከፈተ ትቼው ገባሁ፤ አቧራ ስለነበር ራሴን በጥቁር ሻሽ አስሬ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩና ብርጭቆ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርኩ።

ብዙ ብርጭቆ ከጠቀለልኩ በኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሄርሜላ መሰለችኝ። የገቡት ግን የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ማንደፍሮና ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «ደህና ዋልሽ» አላሉኝም። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው አቀፉኝ፣ አንገቴ ሥር ተነፈሱ፣ ከዚያ ሄደው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ማንደፍሮ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ዝም አሉ።

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰዎች አብረው ይመጣሉ፤ ቁጭ ይላሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁ ሰው እስኪናገር ማንም አይናገርም። እኔም ሰው ሳረዳ እንዲሁ ነው የተቀመጥኩት። ከኋላቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ገቡ። ከዚያ ሌሎች። ሁሉም ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ በካልሲ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። እናትና አባቴን ድሮ ቀብሬአለሁ። ሄርሜላ አሁን ከፊቴ የሄደች ናት። የቀረኝ ናቲ ነው።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት፤ አያነሳም። ሥራ ላይ ስልካቸውን ቆልፈው ነው የሚገቡት። ያንን አውቃለሁ። ብቻ ያን ቀን ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ደግሜ ደወልኩ። ሰዎቹ ስልኬን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። ልጄ ምን ሆነ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ስሙን ከጠራሁት እውነት የሚሆን መስሎኝ መልሼ ዘጋሁት። እንባዬ ወረደ። እኔ ሳለቅስ እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ ይበልጥ አመንኩ።

ኋላ ላይ ሩቲ መጣች። ሩቲ አምስተርዳም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሰንበት ሰንበት ከኛ ጋር የምታስቀድስ ልጅ ናት። ገና ከታች ጀምሮ እያለቀሰች ነው የወጣችው። እግሬ ሥር ወድቃ እንዲህ አለቀሰች፣ ሰው እናቱን ሲቀብር እንዲያ ነው የሚያለቅሰው። ለናቲ ይህን ያህል ማልቀሷ ገረመኝ። እንዴት ያውቃታል ብዬም አሰብኩ። በዚያ ሰዓት እንኳ ይህን ማሰቤ ይገርመኛል።

ዘይነብ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ዘይነብ ከታች ፎቅ የምትኖር የወሎ ሰው ናት፤ ትልቅ የሾርባ ድስት በሁለት እጇ ይዛለች። ድስቱን ኩሽና አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። ማን ነው፣ ብርነሽ?»

«አንቺም ሰምተሻል?»

«ደረጃው ላይ ነገሩኝ።»

«ምን ብለው ነገሩሽ?»

«ለቅሶ አለ አሉኝ።»

«የማን ለቅሶ?»

«ያንቺ ነዋ። አንቺ ቤት።»

«እኔ ቤት ማን ሞተ?»

ዘይነብ ራቅ ብላ አየችኝ። «እሱንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ ነኝ?»

ለቅሶው ቀዝቀዝ አለ። ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ዞርኩ። «ጋሼ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ልጄ ምን ሆነብኝ? ይንገሩኝ።»

እሳቸው ደነገጡ። «ናቲ ነው እንዴ?»

«ናቲ ነው?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ነሽ እኮ ወይኔ ልጄን ስትዪ የሰማሁሽ። የማኅበር ጥሪ ልነግርሽ መጥቼ፣ ደረጃው ግማሽ ላይ ስደርስ ሰማሁ። ቀና ብል ሰው አይታየኝም፣ በሩ ተከፍቷል፣ የወንድ የሴት ጫማ ሞልቷል። የቤት ሹራብ ለብሼ ለቅሶ አልገባም ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ለሰው ደወልኩ።»

«ማን ሞተ ብለው ነው የደወሉት?»

«ለቅሶ ቤት ማን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ብርነሽ ቤት ለቅሶ አለ አልኩ፣ አበቃ።»

ሄርሜላ ካርቶን ታቅፋ በር ላይ የቆመችው ያኔ ነው። ፍራሹን አየች፣ ነጠላዎቹን አየች፣ እኔን አየች። «ማን ነው እነዚህን ሁሉ የጠራው?» አለች። ሁሉም ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ሲዞር፣ «ጋሽ ማንደፍሮ፣ አንተ ነህ?» አለች። አንተ ስትላቸው ወለሉ ቢውጠኝ ወደድኩ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ጫማውን አይቼ ነው።»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን እያቃኑ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ዕድር ሲመራ ሰው ገድሎ አያውቅም ነበር» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው ዘይነብ ናት። «ዕድራችሁ ለጫማም ድንኳን ይጥላል እንዴ?» አለች። እንባ ያልደረቀለት ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ናቲ ገና አልደወለም። ያ ሁሉ ሰው ምንም የለም ቢለኝም፣ ምንም የለም የሚሉኝ እኔን አይተው ነው፣ እኔ ደግሞ ያመንኩት እነሱን አይቼ ነው። ማን ማንን እንደሚያምን አላውቅም ነበር።

ስልኩ ጠራ። ሁሉም ሰው እንዲሰማ አድርጌ አነሳሁት።

«ማማ፣ ምን ሆነሽ ነው ስልኬን እንዲህ ያጨናነቅሽው?»

«ደህና ነህ?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ። ምነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምኑ?»

«ከጫማህ የትኛውን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«ለዚህ ነው?» አለና ዘጋው።

ለቅሶ የመጣ ሰው ለቅሶ የለም ተብሎ ወዲያው አይነሳም። የዘይነብ ሾርባ ተጠጣ። ሌሎቹም ያመጡት ተከፈተ፤ የዘይነብ ሥጋ ስላለበት፣ ከጾሙ የተነሳ ያልቀመሱት ሽሮውን በሉ። ሄርሜላ መጀመሪያ ተቆጥታ መኝታ ቤት ገባች፤ ኋላ ወጥታ ሳህን ታቀብል ጀመር። ችግሩ የመጣው ሲነሱ ነው። በር ላይ የነሱ ጫማ ከኔ ጋር ተደባልቋል። ወረቀቶቹ ተረግጠው ረግፈዋል። አረንጓዴው የቱ ነበር፣ ቢጫው የቱ ነበር፣ የሰው የቱ ነው? ጋሽ ማንደፍሮ የናቲን ጫማ በአንድ እግራቸው አድርገው ሁለት ደረጃ ከወረዱ በኋላ ተመለሱ። ሁሉም ሄዶ ሲያልቅ ጥቁሩ የለቅሶ ጫማዬ የለም። በቦታው ሌላ ጥቁር ጫማ አለ፤ ከኔ ይጠባል። የሩቲ ነው።

«አየሽ?» አለች ሄርሜላ ሳህን እያጠበች። «እኔ የምለው ይሄን ነው። አዲሱ ቤት ቢሆን ማንም ዝም ብሎ አይገባብሽም። ታች በር አለ። የሚመጣ ሰው ይደውላል፣ ማን ነው ትያለሽ፣ ትከፍቻለሽ።»

እውነቷን ነው። ያን ቀን ያ በር ቢኖር አልደነግጥም ነበር። ደግሞ ተኝቼ ሳስበው ግራ ገባኝ። እውነት ሰው ቢሞትብኝ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ፣ ማን ነው ብዬ ልጠይቅ ነው? ለቅሶ የመጣ ሰውስ ምን ብሎ ይደውላል? ሄርሜላ ልክ ናት፤ እኔም ልክ ነኝ። ሁለታችንም ልክ ከሆንን ማክሰኞ ምን ልል ነው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሩቲን ጫማ ይዤ አምስተርዳም ሄድኩ። ሩቲ ያን እሑድ ተረኛ ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ከጣቢያው ትራም ይዤ፣ ቤቴ ነው ያለችኝ ቦታ ወረድኩ። ሕንፃው ረጅም ነው፣ በሩ መስተዋት ነው። ከጎኑ የደወል ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበብኩ። የሩቲ ስም የለም፣ የኔን አገር የሚመስል ስም የለም። አንዱን ተጫንኩ። ከግድግዳው ውስጥ ወንድ ድምፅ በደች አነጋገረኝ። «ሩቲ» አልኩት። የለችም መሰለኝ ያለኝ። ሩቲ ስልክ አታነሳም። አንድ ሰው ከውስጥ ወጣ፤ ፈገግ ብሎ ሰላም አለኝና በሩን ከኋላው በደንብ ገፍቶ ዘጋው። ክፋት አይደለም፤ እንዲያ አድርጉ ተብለዋል። እኔም ጫማውን በከረጢት ይዤ ቆምኩ።

ኋላ ጥሪዬን አይታ ሩቲ ስትወርድ፣ ትራሱ የታተመባት ይመስል ፊቷ ሁሉ መስመር ነው፤ ከሥራ ገብታ እንቅልፍ ወስዷታል። እግሯ ላይ ያለው የኔ ጥቁር ጫማ ነው።

«እትዬ ብርነሽ፣ ይቅርታ፣ ጫማዬ ሰፋብኝ እያልኩ ነበር» አለችኝ። «ከሳሁ መሰለኝ።»

«እግር ይከሳል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስቆም።»

ላይ ወጣን። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ ንጹሕ ነው። በሯ ሥር ሦስት ጥንድ ጫማ ብቻ አለ፤ የሥራዋ፣ የዝናብ ቦቲዋና አንድ ሸራ ጫማ። ሄርሜላ ብታየው ደስ ይላት ነበር። ሻይ አፍልታ ስትቀመጥ ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኳት።

«ሩቲ፣ ናቲን በደንብ ታውቂዋለሽ?»

«ፋሲካ ለት ያየሁት መሰለኝ። ረጅሙ አይደል?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ያለቀስሽው ለማን ነው?»

ሻዩን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «ወንድሜ በስልክ ነገረኝ። መተላለፊያው ላይ፣ የሥራ ጫማዬን እንዳደረግሁ። አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ቤትሽ ሂጂና ዕረፊ አለችኝ። መጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ። ለሰው ደውዬ እናቴ ሞተች ማለት አቃተኝ። ራስሽ ለራስሽ መርዶ ትነግሪያለሽ? ሰው ይሰማና ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ታች በር ላይ እንዳይቸገሩ ብዬ በመስኮት አያለሁ። ማንም አልሰማም። ከዚያ ዕረፍቴ አለቀና ሥራ ገባሁ።»

«ለኛ ምነው ሳትነግሪን?»

«በኋላ ነገርኳችሁ እኮ። ነፍስ ይማር አላችሁኝ።»

እውነቷን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ጫማ እያደረግን፣ ነፍስ ይማር ብያታለሁ።

«ትናንት ጋሽ ማንደፍሮ ሲደውሉ ማን እንደ ሞተ አልጠየቅሁም» አለች። «ለቅሶ ቤት አለ ሲሉኝ ወጣሁ። ሰው መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንም የማን ነሽ አላለኝም። የሞተ ሰው የለም ሲባል ደግሞ አፈርኩ፤ ግን ቀለለኝ። ይቅር በይኝ።»

ይቅር የምላት ነገር አልነበረም። ጫማውን ተቀያየርን። ስወጣ በሩ ከኋላዬ ራሱ ተዘጋ፤ ገፋ አድርጌ አየሁት፤ አይከፈትም።

ሰኞ ሄርሜላ ከሥራ ስትመለስ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ነገርኳት።

«አትጫኚው። እኔ አልሄድም።»

ካርቶኖቹን አየቻቸው። «እሺ ብለሽ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ደረጃውስ? ጉልበትሽስ? የዛሬ አምስት ዓመት እንዴት ትወጪዋለሽ?»

«አላውቅም።»

«ማማ፣ ምክንያቱን ንገሪኝ። ጫማው ነው? ጫማሽን በሙሉ ይዘሽ ነይ፣ እኔ የኔን አልጋ ሥር አደርጋለሁ።»

«ጫማው አይደለም» አልኳት። ደግሞ «ጫማውም ነው» አልኳት። ስለ ሩቲ ነገርኳት። ስለ በሩ ነገርኳት። በደንብ አልነገርኳትም፤ ከመሐሉ ጀምሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። እሷ ግን ሰማችኝ።

«እና ለቅሶ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር ብለሽ ነው እዚህ የምትቀሪው? ላልሞተ ሰው?»

«እንዲያ ስትዪው የሞኝ ነገር ይመስላል።»

«ይመስላል አይደለም።» ካፖርቷን እንደ ለበሰች ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ወረደ። «ያንን መኝታ ላንቺ ብቻ ብዬ የያዝኩት ነው የሚመስልሽ? ብቻዬን ኖሬ አላውቅም እኮ፣ ማማ።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ ቢሮ አላት፤ ከኔ ጋር ሐኪም ቤት ሄዳ በደች ስትናገር ሐኪሙ ራሱ ይጠነቀቃል። እሷ የምትፈራ አልመሰለኝም። በዚያች ደቂቃ እሄዳለሁ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ከዚያ ደግሞ ዘይነብ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ስትገባ ታየኝ፣ በሩን በክርኗ ገፍታ። የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጀርባዋን አሻሸሁላት፤ እሄዳለሁ ግን አላልኳትም። ማክሰኞ አልፎ ሄደ።

ጫማውን ለብቻዬ እንደገና ለየሁት። ሰማያዊውን ባለ ታኮ ሰጠሁ፤ ሳደርገው ደስ ይለኝ ነበር፣ ጉልበቴ ግን አይችለውም። ውኃ የሚያስገባውን ቦቲ ጣልኩና ለዝናብ አንድ ደህና ገዛሁ። የሥራውን አስቀረሁ። የቤተ ክርስቲያኑን፣ አንድ ቁጥር የሚበልጠውን፣ አስቀረሁ። ጥቁሩን አስቀረሁ። የእግር መንገዱ ላይ ብዙ አመነታሁ፤ ሁለት ነበሩኝ፣ የቱ እንደሚሻል ለመለየት ሁለቱንም እያፈራረቅሁ አድርጌ ስሄድ ቆየሁ፤ አሁንም ሁለቱም አሉ። የእንግዳ ነጠላ ጫማዎቹን ምን እንደማደርጋቸው አላወቅሁም። የኔ ናቸው እንዳልል አላደርጋቸውም፤ የእንግዳ ናቸው እንዳልል እኔ ነኝ የማጥባቸው። ከፎቁ ኃላፊ ጋር እንዳልጣላ ከደረጃው ላይ አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ናቲ አንድ ቀን መጥቶ ጀልባ የሚያህሉ ጫማዎቹን ወሰደ።

ሄርሜላ በወሩ መጨረሻ ሄግ ገባች። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ትደውልልኝ ነበር፤ ምግብ እንዴት እንደሚሞቅ የምትጠይቅ መስላ። አሁን አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ያንን መኝታ ተከራይታለች። ዘይነብ ደግሞ ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ ልጇ መንሱር ሕፃን ሲወለድለት፣ አምስተርዳም እሱ ጋ ሄደች። እሷ ቤት አሁን የማላውቃቸው ሰዎች ይኖራሉ። እኔ ዙይድ ቀርቻለሁ።